ሻለቃን ያስረከብኩ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሜሮን ከየካ አባዶ ደወለችልኝ። ከኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች መሀል አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ትንሿን ውሻዋን ገጭቶ ገድሎባታል። አላለቀሰችም፤ ወይም አልቅሳ ጨርሳለች። "አክስትዬ፣ ሕግ አለ ወይ? ለውሻ ክስ ይመሠረታል? ፕሮሰሱ ምንድን ነው?" አለችኝ። ታርጋውን በስልኳ አንስታዋለች፤ የጥበቃዎቹ ካሜራም ቀርጾታል፤ ሹፌሩ ግን "አላየኋትም" ብሎ ወደ ቤቱ ገብቷል። "እሱ ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጊው?" ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ይህንኑ ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ተጠይቄ ዝም ብያለሁ። ነገ እንድትመጣ ነግሬያት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳስብ ያመሸሁት የእሷን ውሻ አልነበረም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከፈረንሳይ ሠፈር በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ የእንጦጦ ዳገት ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ አጥሩ ቆርቆሮ። ከበራችን ፊት ለፊት የውሃ ቦኖ፣ ከቦኖው ጎን አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ። ሙዚቃ ቤቱ አዲስ ካሴት በወጣ ቁጥር ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ስለሚያስጮኸው፣ ጄሪካን ደርድረው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች የትኛው ዘፈን ከየትኛው እንደሚቀጥል በቃላቸው ያውቁ ነበር። "ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ይደርሰኛል" ይባባላሉ። እስከ አራት ኪሎ ታክሲው ስድሳ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦው ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ዳቦውም እንደ ዛሬው አየር ብቻ አልነበረም። እኔ በአንድ ትምህርት ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። ዳገቱን የምወርደው በሸራ ጫማ ነው፤ ባለ ተረከዙን ጫማ በፌስታል ይዤ ከትምህርት ቤቱ በር ስደርስ እቀይራለሁ። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ስለነበረ የሠፈሩ ሴት ሠራተኛ ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ማንም በማንም አይስቅም። አሁን መንገዱ ሰፍቶ አስፋልት ሆኗል፤ የእኛ ቤት የነበረበትን ቦታ ብሄድ እንኳን በትክክል ማሳየት አልችልም።

ውሻችን ሻለቃ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ባለቤቴ ተሾመ ነው። ተሾመ በጦሩ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነበርና፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ሻለቃ ሲያዘኝ ኖሬ አሁን እኔ አንዱን ልዘዝ" ብሎ ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ግን ይህ ስም ጣጣ አመጣብን። ማታ ማታ ተሾመ ከበር ላይ ቆሞ "ሻለቃ፣ ና ግባ!" ሲል የሰሙ ሁለት ታጣቂዎች አንድ ምሽት ገብተው "ሻለቃው የት አለ?" አሉን። ተሾመ ተጣራ፤ ውሻው ጅራቱን እየቆላ ወጣ። አንደኛው ታጣቂ ሳቀ፤ ሁለተኛው ግን አልሳቀም፤ አልጋ ሥር ሳይቀር ፈትሾ ነው የሄደው። ጎረቤት ሁሉ ስሙን እንድንቀይር መከረን። ተሾመ "የወጣ ማዕረግ አይገፈፍም" ብሎ እምቢ አለ። ብዙም ሳይቆይ በሕመም ተለየኝ። ልጅ አልነበረንም። ውሻው ከእኔ ጋር ቀረ። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አንድ ልማድ ነበረን። በየወሩ በአሥራ ስድስት ሥራ ከመግባቴ በፊት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እወጣለሁ። ሻለቃ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ይሸኘኝና ከዚያ ብቻውን ይመለሳል። ተመልሶ እንዲገባ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ነፋስ እንዳይዘጋው ድንጋይ አስደግፌ ነው የምሄደው። በዚያን ዓመት ግን ቀበሌው በድምፅ ማጉያ እየዞረ፣ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ በግቢው እንዲያስር፣ ያልታሰረ ውሻ በሌሊት በሚጣል መርዝ እንደሚገደልና ለሚያደርሰው ጉዳትም ባለቤቱ ተጠያቂ እንደሚሆን ለፍፎ ነበር። ሰምቻለሁ። ሰምቼም ድንጋዩን አስቀምጫለሁ። ለመርዝ የፈራሁት ጭር ያለውን ሌሊት እንጂ የንጋቱን መንገድ አልነበረም።

በጥቅምት አሥራ ስድስት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቦኖው ጋ የነበሩት ሴቶች ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። ጎረቤቴ ጫልቱ ጄሪካኗን ጥላ መጣች። ጫልቱ ከወለጋ የመጣች የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ ከአፏ አንድ የተጋነነ ቃል አይወጣም። "እትዬ አስካለ፣ ሻለቃን መኪና ገጭቶታል። ሞቷል። ቦይ ውስጥ ነው፤ ቅጠል አልብሼዋለሁ" አለችኝ። የማን መኪና እንደሆነ ጠየቅኋት። "የአቶ ደምሴ ፒክአፕ ነው። አጣና ጭኖ ቁልቁል ሲበር ነበር። ገጨውና አጥር ላይ ወጣ። ከዚያ ወርዶ መብራቱን አየ፤ የሻለቃን እግር ይዞ ጎትቶ ቦይ ውስጥ ጣለውና ሄደ።" ከሁሉ በላይ የተሰማኝ ያ ነው፤ መጀመሪያ መብራቱን ማየቱ። ሻለቃን ከግቢዬ በስተጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ከጫልቱ ጋር ቀበርነው። ሥራ ቦታ የደረስኩት አርፍጄ ነበር።

አቶ ደምሴ ከእኛ በታች የእንጨት መሸጫ ነበረው፤ አጣና፣ ማገር፣ ወራጅ ይሸጣል። አንድ ዕድር ውስጥ ነን፤ ተሾመ ሲሞት ድንኳኑን ከተከሉት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ገባሁ። ሠራተኞቹ እንጨት እየደረደሩ ነው። "አቶ ደምሴ፣ ሻለቃን ገጭተው ገደሉብኝ" አልኩት። እንጨት መለካቱን ሳያቋርጥ "እኔ ውሻ አልገጨሁም፤ ውሻ ነው እኔን የገጨኝ። መብራቴን አላዩትም?" አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። "ገንዘብ ፈልጌ አልመጣሁም። ገጨሁት ይበሉኝ፤ ይበቃኛል" አልኩት። ያኔ ቀና አለ። "ስሚ አስካለ፣ ሰው ስንት ነገር እያለበት አንቺ ለሞተ ውሻ ቃል ልታስወጪኝ ነው? ሂጂ ሌላ ቡችላ ፈልጊ" አለኝ። ስንት ዓመት በአክብሮት "እርስዎ" ሲለኝ የኖረ ሰው አንቺ ያለኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ወጣሁ። ሠራተኞቹ እያዩኝ ስለነበረ ቀስ ብዬ ነው የተራመድኩት።

ትራፊክ ፖሊሱ ጨዋ ሰው ነበር። "እናቴ፣ ሰው ተጎድቷል? አልተጎዳም። ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግበው?" አለኝ። የዕድሩ ሰዎች ደግሞ ሁለት ሆነው ቤቴ መጡና በውሻ ምክንያት ዕድርተኛ እንዳይለያይ ለመኑኝ፤ ሲወጡ አንደኛው በሹክሹክታ "ብቸኝነት ነው እንዲህ የሚያደርጋት" ሲል ሰማሁት። በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ በጃንጥላ ሥር ታይፕ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዱ ጋ ሄድኩ። አቶ ክፍሌ ይባላሉ፤ ሸምገል ያሉ፣ ከረቫታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። ነገሬን ሰሙና፣ "ወንጀል ነው እንዳንል ሆን ብሎ ማድረጉን ማን ያስረዳል? በፍትሐ ብሔር ነው የሚያዋጣሽ፤ ያውም ትንሽ ነገር ስለሆነ የቀበሌሽ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ነው የሚያየው" አሉኝ። ቀጥለው "ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጊው?" ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። "ገጨሁ እንዲል" ብዬ ለመናገር ከብዶኝ ነው። "ቃል የሚጠየቅበት ክስ የለም፤ ግምት ያስፈልጋል" ብለው መቶ ብር ጻፉ። እኔ ታይፒስት ነኝና ጣታቸው ሲሳሳት ሁሉ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ "ውሻው ከግቢ እንዴት ወጣ? በሩ ተዘግቶ ነበር?" አሉኝ። የበሩን ነገር ነገርኳቸው። እጃቸውን ከታይፑ ላይ አነሱ። "ይሄን እኔ አልሰማሁም፤ አንቺም አትጀምሪው። የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። ምስክር አለሽ?" አሉኝ። ጫልቱ እንዳለች ነገርኳቸው። "ያየችው መኪናውን ነው ወይስ በሩንም?" ሲሉኝ፣ ከቦኖው ሆኖ ሁለቱም ፊት ለፊት እንደሚታይ ያን ጊዜ ገና አሰብኩት። አቶ ክፍሌ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እንግዲህ ያለሷ አትረቺም፤ በእሷም ልትሸነፊ ትችያለሽ" አሉኝ።

መጥሪያው በደረሰው በሳምንቱ አቶ ደምሴ እኔን መልሶ ከሰሰኝ። የለቀቅሁት ውሻ መኪናውን አጥር ላይ እንዳስወጣበት፣ የፊት መብራቱና የጎማ መሸፈኛው ፓራፋንጎ እንደተሰበረ፣ ሥራም እንደፈታ ጽፎ፣ የአራት ወር ደሞዜን የሚያህል ጠየቀ። የተሾመ ጡረታ አልተከበረልኝም ነበር፤ ከፈረዱብኝ ከቤቴ ዕቃ መሸጥ ይኖርብኛል። ሰው ደግሞ መሳለቅ ጀመረ። ቦኖው ጋ አንዷ "የሻለቃ መርዶ ለጦር ክፍሉ ደረሰ ወይ?" ስትል ሌሎቹ አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ጄሪካኔን ሞልቼ ሄድኩ። ሜሮን ዛሬ ካሜራ አለ ትላለች፤ ካሜራ ጥሩ ነው፤ ማታ ማታ በሩን አንኳኩቶ "ምን ልበል?" ብሎ አይጠይቅም። ጫልቱ ግን ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀደም ብላ መጣች። አልተቀመጠችም። "እትዬ አስካለ፣ እመሰክራለሁ። ግን ስለ በሩ ከጠየቁኝ ክፍት ነበር ነው የምለው። እንድዋሽ አይጠይቁኝ፤ ያስጨንቀኛል" አለችኝ። "አልጠይቅሽም" አልኳት። "ከፈለጉ ሌላ ቀን ሥራ አለኝ ብዬ ልቅር" አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ መሬት ላይ ነበር፤ ለእሷ ይህም ውሸት ነው፤ ለእኔ ስትል ነው። አንድ ቃል ብናገር ትቀር ነበር። "ነይ" አልኳት።

ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ችሎት የሚቀመጠው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሦስት ዳኞች ናቸው፤ ሁሉም የሠፈር ሰው። ሰብሳቢው አቶ ወልደ ሰንበት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሕጉን በጋዜጣ ለብዶ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ አላቸው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ለውሻ ክስ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። አቶ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ጸሐፊዋ ስትጽፍ "የሟች ስም?" ብላ ሻለቃ ስላት አዳራሹ ሳቀ፤ አቶ ወልደ ሰንበት ጠረጴዛውን መቱ። አቶ ደምሴ ምሎ፣ ውሻው በድንገት መኪናው ሥር እንደገባበት ተናገረ።

ጫልቱ ስትጠራ መጽሐፍ ቅዱሱን አቀረቡላት። እጇን አላነሳችም። "እውነቱን እናገራለሁ፤ መማል ግን አልችልም። መጽሐፉ ራሱ አትማሉ ይላል" አለች። ጉምጉምታ ሆነ። አቶ ደምሴ ተነሥቶ "ለመማል የፈራች ምን ምስክር ናት? ጌቶቼ፣ የከሳሽ ጎረቤት ናት እኮ፤ ተመካክረው ነው" አለ። አቶ ወልደ ሰንበት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። "አቶ ደምሴ፣ እርስዎ ምለው የሰጡትን ቃል ሰምተናል። እሷ ሳትምል የምትለውን ደግሞ እንስማ" አሉ። ጫልቱ እንደነገረችኝ አድርጋ ተናገረች። የመኪናውን ፍጥነት፣ መብራቱን ማየቱን፣ ቦዩን። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። አቶ ደምሴ ኮፍያውን በእጁ ያዞረዋል። ለደቂቃ ያህል የረታሁ መሰለኝ።

ከዳኞቹ በግራ በኩል የተቀመጡት፣ እስከዚያ ያልተናገሩት፣ "ውሻው በምን ወጣ? በሩን አይተሽዋል?" ብለው ጠየቋት። ጫልቱ ዞር ብላ አየችኝ። አቶ ክፍሌ "የተጠየቅሽውን ብቻ" ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ የተጠየቀችው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። ደሞዜን አሰብኩ፤ የተሾመን ሬዲዮ፣ ቁም ሣጥኑን አሰብኩ፤ የትኛው ቀድሞ ይሸጣል ብዬ። እሷ ግን አፏን ልትከፍት ነው፤ ከተናገረች በኋላ በየቦኖው የምትታማው እሷ ናት፤ በጎረቤቷ ላይ ያስፈረደች ተብላ። ተነሣሁ። "እሷን አያስጨንቋት፤ እኔ ልመልስ" አልኩ። "በሩ ክፍት ነበር። ድንጋይ አስደግፌ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የቀበሌውን ልፈፋም ሰምቻለሁ።" ከኋላ አንድ ሰው "ኧረ በስማም" ሲል ተሰማ። አቶ ደምሴ ኮፍያውን ማዞር ተወ። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም።

ዳኞቹ ለረጅም ጊዜ አንገታቸውን አቀራርበው ተንሾካሾኩ። አቶ ወልደ ሰንበት መጽሐፉን ገልጠው፣ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገጽ ሲቆጥሩ ቆዩና ተነሥተን እንድንቆም አዘዙ። ውሻው ልፈፋ ተጥሶ የተለቀቀ ስለሆነ የእኔ ክስ ውድቅ ሆነ። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ስለሆነ አቶ ደምሴ የጠየቀው ተገቢ ነው አሉ። "ነገር ግን" ብለው ቀጠሉ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እንዳሳረፉ፣ "ሕጉ ደግሞ የእንስሳው ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው ነጻ መውጣት ይችላል ይላል። ወይዘሮ አስካለ፣ ያስረክባሉ?" አዳራሹ እንደገና ሳቀ። አቶ ደምሴ "ጌቶቼ፣ የሞተ እኮ ነው" አለ። "ሕጉ በሕይወት ያለ አይልም" አሉ አቶ ወልደ ሰንበት፤ አስተማሪ ነበሩና የተጻፈውን ነው የሚያነቡት። ሕግ የተማረ ሰው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ይግባኝ ቢባል ሊሻር ይችል ይሆናል። "አስረክባለሁ" አልኩ። በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲፈጸም ታዘዘ።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ አቶ ደምሴ አካፋ ይዞ መጣ። ከእሱ ጋር የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነበረች፤ የያዘችው ቀበሌው ወንበርና ጠረጴዛ የሚያስረክብበትን ቅጽ ነው፤ ለውሻ የተዘጋጀ ሌላ ቅጽ የለም። ወደ ጓሮ መራኋቸው። ባሕር ዛፉ ሥር አፈሩ ገና አልጠበቀም ነበር። "ይኸው" አልኩ። ጸሐፊዋ "ከአሁን በኋላ የእርስዎ ነው፤ ቢያወጡትም ባያወጡትም መብትዎ ነው" አለችው። አቶ ደምሴ አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ።

"ወይዘሮ አስካለ፣ በሩን ባይናገሩ ኖሮ ማን ያስገድድዎት ነበር?" አለኝ።

"ጫልቱ ልትናገር ነበር።"

"እሷ ከመናገሯ በፊት ነው የተናገሩት። እኔ ፊት ለፊትዎ ነበርኩ፤ አይቻለሁ።"

አቶ ደምሴ አፈሩን አየና "እዚሁ ይቆይልኝ?" አለኝ፤ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። "ይቆይ" አልኩት። ጸሐፊዋ ቅጹን በመዝገቡ ላይ ዘርግታ፣ ካርቦን አስገብታ ጻፈች። የንብረቱ ዓይነት፣ ውሻ። ብዛት፣ አንድ። አስረካቢ እኔ፣ ተረካቢ እሱ። "ንብረቱ ያለበት ሁኔታ" ከሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አነሳች። "ምን ልበል? የሞተ ልበል?" አለች እኔን እያየች። እኔ ወደ እሱ አመለከትኩ፤ የሚረከበው እሱ ነው።

"የሞተ ብቻ አትበይ" አላት አቶ ደምሴ። "ደምሴ በመኪናው ገጭቶ የገደለው በይ።"

"እንዲሁ ልጻፈው?"

"እንዲሁ ጻፊው። እያየሁት ነው የገጨሁት፤ የሚሸሽ መስሎኝ ፍሬን አልያዝኩም።"

ይህን የመጨረሻውን ለመጻፍ ቦታ አልበቃትም፤ የመጀመሪያውን ጻፈች። እሱ ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። ቅጂው ለእኔ ተሰጠኝ። ካርቦኑ ያለቀ ስለነበረ ጽሑፉ ፈዛዛ ነው፤ ግን ይነበባል።